ቀዩ ቀስት

ልጇ ለተራራ ብስክሌት ውድድር ከተመዘገበች ወዲህ እናት እንቅልፍ አጥታለች። በዚህ የፈረንሳይ ገጠር፣ የውድድሩ መንገድ ከጫካው አፋፍ ተነስቶ በገደሉ ጠርዝ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል።

"እባክሽ ልጄ፣ አንጀቴን አታሳርሪው" ብላ ለምናታለች።

"እማዬ ደግሞ! አንቺ እኮ ደረጃ ስወርድም ታማትቢያለሽ" ብላ ልጅቷ ስቃባታለች።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ እናት ብቻዋን ወደ ጫካው ወጣች። መንታ መንገዱ ላይ የቆመው ቀይ ቀስት ወደ ቁልቁለቱ ያመለክታል። በስተግራ ያለው መንገድ ግን ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ መግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነውና የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ለቃቅማ ሌላው ሲያቅታት ተወችው። ቀስቱን ነቅላ ወደ ሰፊው መንገድ አዙራ ተከለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጇ የአስተናባሪዎችን ሰደርያ ለብሳ ከተፍ አለች።

"ደስ ይበልሽ እማዬ፣ ስላንቺ ስል ውድድሩን ተውኩት። ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሜ ውሃ ላድል ነበር፤ የሚገርምሽ አንድም ብስክሌተኛ አልመጣም።"

እናት በመስኮቱ ወደ ጫካው ተመለከተች።

"ያ በስተግራ ያለው ሰፊ መንገድ ወዴት ነው የሚያደርሰው?"

"የትም አያደርስም። ድልድዩን እኮ ጎርፍ ወስዶታል።"