የመርቆሬዎስ ፈረስ

የሰፈራችን የመርቆሬዎስ ማኅበር ሰው ሲሳሳበት "ወደ ጊዮርጊስ እንዙር" ተባለ። ሁለቱም ሰማዕታት፣ ሁለቱም ፈረሰኞች ናቸው፤ የመርቆሬዎስ ፈረስ ጥቁር፣ የጊዮርጊስ ነጭ ነው። የማኅበሩን ሥዕል የቀየርሁት እኔ ነኝ፤ እኔ የሣልሁት ፈረስ ሲያሽካካ ሦስት ቀበሌ ይሰማል! ጥቁሩን ነጭ ቀባሁት፤ መርቆሬዎስ ወግቶ ከሥሩ ለጣለው ንጉሥም ጅራት ቀጠልሁለትና የጊዮርጊስ ዘንዶ ሆነ።

የፈራነው ማኅበሩን የመሠረቱትን እማማ አጸደን ነበር። "መርቆሬዎሴን ብትነኩ ጽዋዬን ይዤ ነው የምሄደው!" ብለው ዝተዋል።

የጊዮርጊስ ዕለት መጋረጃውን ገለጥሁ። እማማ ፈረሱን ትክ ብለው አዩት። አገር የሚንቀጠቀጥልኝ እኔ እንኳ ወደ በሩ ሸሸት አልሁ።

እሳቸው ነጠላቸውን ከፀጉራቸው ላይ ገለጥ አድርገው ሳቁ። ሥዕሉን ተሳልመውም፣

"አይ መርቆሬዎሴ፣ ፈረስህም እንደኔ ሸበተ?" አሉት።