ሐሴት ከወንበሩ አልተነሳችም

እህቴ ሐሴት ነጠላዋን አቀበለችኝና "ወንበሩ ላይ እሰረኝ" አለች።

"ቀልደኛ።"

"አልቀለድኩም። ወገቤን ጠበቅ አድርገህ።"

ኮሌጆች ሕንፃቸውን ከዘጉ ወዲህ ተማሪን የሚፈትነው ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ስክሪን ነው። ከወንበሩ የተነሳ ተፈታኝ ወዲያው ይሰረዛል። ያሳደጉን አጎታችን ጋሽ ደምሰው አምና ድንገት ሲገቡ ሐሴት "ኖር" ብላ ብድግ አለችና የነርስነት ፈተናዋ ተሰረዘ። ከዛሬው ሌላ ዕድል የላትም። እኔ በተማርኩበት አገር ማንም ለማንም አይነሳም፤ ስለዚህ "ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያቅታል?" አልኳት። ቢሆንም አሰርኳት።

ፈተናው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ደምሰው ገቡ። ሐሴት ሳታስበው ወደ ላይ ተስፈነጠረች። ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ቋጠሮው ግን ያዛት። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። አልሰረዛትም።

"ልመርቃት ነበር የመጣሁት" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸውን ነጠላው ላይ ተክለው። "ማነው እንደ ጥጃ ያሰራት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ጋ ቆሙ።

በመጨረሻ ስክሪኑ "አልፈሻል" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሮጬ ቋጠሮውን ፈታሁላት። ጋሼ ፈገግ ብለው ጠበቋት። እሷ ግን ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ እንደያዘች ቀረች።

"ተነሺ እንጂ፣ አልቋል" አልኳት።

"ቆይ" አለች፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። "ምናልባት ስክሪኑ አሁንም እያየን ይሆናል።"