የቤት እመቤቷ ሳንባ

ዶክተር ዓምደሚካኤል የትርፌን ሳንባ በእስክሪብቶ ጫፍ ይነካካል። ሳንባው ግድግዳው ላይ በበራው ሰፊ ስክሪን ተዘርግቷል። ባለቤቲቱ ግን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ እግሩ በሚወላገድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስድስት ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል።

«ቆንጆ ኬዝ ነው» ይላል ዶክተሩ። «በዓመት አንዴም አይገኝ።»

ቆንጆ! ትርፌ በልቧ ትስቃለች። አሥር እርምጃ ስትሄድ ግድግዳ የምትደገፍ፣ ሌሊቱን ተቀምጣ የምታነጋ ሴት ዛሬ ቆንጆ ተባለች። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ እንዲህ የሚላት ወንድ ቢገኝ፣ እሱም ያየው ሳንባዋን ነው።

ስምንት ወር የቲቢ መድኃኒት አስውጠዋታል፤ አክታዋ ግን አንድም ቀን ቲቢ አሳይቶ አያውቅም። ቀጥሎ አስም ነው አሏት። ቀጥሎ የማድቤት ጭስ። አሁን ሲቲ ስካኑ ሳንባዋን እንደ ዳቦ ቆራርሶ ሲያሳያቸው፣ በየቁራጩ ላይ ነጭ ጉም ተኝቶበት አገኙና ግራ ተጋቡ።

«ልቧንም በኤምአርአይ ብናየውስ?» ይላል መነጽር ያደረገው ተማሪ።

«እርግብ ታረባለች? የላባ ብናኝም ሳንባን እንዲህ ያደርጋል» ይላል ሌላው።

ጥያቄው ለዶክተሩ ነው። ዶክተሩም መልሱን ካርዷ ላይ ይፈልጋል። ትርፌ ምላስም ጆሮም እያላት፣ አራት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ፣ እርግቧ ከወረቀት ይፈለጋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እነዚህ ግን አጥሩን አልፈው ጓዳ ገብተዋል።

መናገር አቅቷት አይደለም። ላልጠየቃት ሰው ለምን ብላ? ዝም አይነቅዝም።

ከስድስቱ አንዷ ብቻ፣ አያንቱ የሚሏት የጂማ ልጅ፣ ዞር ብላ በኦሮምኛ እናቴ እያለች፣ «አይዞዎት ሃርሜ፣ አሁን ያልቃል» ትላታለች። ምኑ ነው የሚያልቀው? ትርፌ ይችኛዋንም ትንቃታለች፣ ትንሽ ቀነስ አድርጋ።

«እንግዲህ ስሙኝ» ይላል ዶክተሩ። «የምትተነፍሰው ነገር ያስቆጣው ሳንባ ነው የሚመስለው። ብናኝ ያለበት ሥራ ቢኖራት ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከብናኙ እናርቃታለን፣ መድኃኒት እንሰጣታለን። ግን የቤት እመቤት ናት። ስለዚህ ደረቷን ከፍተን ከሳንባዋ ቁራጭ ወስደን ማየት ሊኖርብን ነው።»

ከፍተን፤ እንደ ጆንያ። ጎረቤቷ ፋንቱ ለቀዶ ጥገና በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ነው የወጣችው። ትርፌ ትፈራለች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል።

«ማነው የቤት እመቤት ያለኝ?»

ስድስት ጀርባ በአንድ ጊዜ ይዞራል።

«ካርድዎ ላይ ተጽፏል፣ እናቴ» ይላታል ዶክተሩ።

ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም ነበር። ስም ጠየቀ፣ ዕድሜ ጠየቀ፣ ሰፈሬ ጊንጆ ነው ስትለው ጻፈ፤ ሥራዋን ግን ሳይጠይቅ ጻፈው። ቀሚስ ለለበሰ ሁሉ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ትርፌ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለችና አንብባዋለች። አንብባም ዝም አለች፤ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር። የሥራ ካቦዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ!» እያለ ሲጠራት ለኖረች ሴት እመቤት መባል ቀላል ነገር አይደለም። ያቺ የማትረባ ደስታ ናት አሁን ደረቷን ልታስከፍታት የደረሰችው። ትርፌ ከሐኪሞቹ ሁሉ አብልጣ ራሷን ትንቃለች።

ትነሳለች። ተማሪዎቹን በክንዷ ገለል ገለል እያደረገች ስክሪኑ ሥር ካለው ጠረጴዛ ትደርሳለች። ሦስት ጊዜ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አጋሮ መውጫ ካለው የቡና መቀሸሪያ ማሽን ሥር ነበረች፤ ከዚያ በባጃጅ በቀጥታ መጣች፣ ሻሿን እንኳ ሳታራግፍ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር» ትላለች።

ሻሿን ትፈታና ጠረጴዛው ላይ ታራግፈዋለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የቡናው ገለባ ብናኝ ቡን ብሎ ይነሳል። በስክሪኑ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ይቆይና ካርዱ ላይ፣ እስክሪብቶው ላይ፣ በነጩ ጋዋን ትከሻ ላይ ይወርዳል።

«ይሄ የዛሬው ብቻ ነው» ትላለች። «የትናንቱን ትናንት አራግፌዋለሁ።»

ዶክተሩ ሊናገር አፉን ይከፍታል። የሚወጣው ግን ሳል ነው። ያስላል፣ ይደግማል፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር፣ ጠረጴዛውን እስኪደገፍ።

አያንቱ ካርዱን አንስታ በእጇ ትጠርገዋለች። የቤት እመቤት የሚለውን ትሰርዝና እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ትላለች።

«ሥራዎት ምንድን ነው፣ ሃርሜ?»

«የቡና መቀሸሪያ ሠራተኛ» ትላለች ትርፌ። «ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ቀዶ ጥገናው...» ይላል ዶክተሩ በሳሉ መሃል፣ እጁን እያወዛወዘ። «ቀዶ ጥገናው ይቅር። ቆዩ...»

ይቆያሉ። ትርፌ ሻሿን መልሳ ትጠመጥማለች። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ያንን እግሩ የሚወላገድ ወንበር እየጎተተች ታመጣና ከዶክተሩ ኋላ ታስጠጋዋለች።

«ይቀመጡ» ትለዋለች። «ቆመው አይችሉትም።»