የሊድ ጊታሩ ቦታ

የባንዱ ሚኒባስ ክላክስ ውጭ ያንባርቃል። ልጅቷ የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ካለው ቧንቧ ሥር ቆማ የጃኬቷን እጅጌ ታሻለች። ደሙ አልለቅ ብሏል። የሷ ደም አይደለም፤ የአጎቷ ነው። ጠዋት መንገድ ላይ ቀልድ እየነገራት ሳለ ቀልዱን ሳይጨርስ ጎንበስ አለና ጭኗ ላይ አስመለሰው። መጀመሪያ የትናንቱ ወይን መስሏት ነበር።

አጎቷ የሮክ ባንዱ ሊድ ጊታር ተጫዋች ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እሷም ከጎኑ ቆማ ሪትም ጊታር ትመታለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ከነዚህ ጸጉረ ረጃጅም ጎረምሶች ጋር ከከተማ ከተማ እንድትዞር የፈቀደችው በዚሁ ታናሽ ወንድሟ ተማምና ነው። "እኔ እያለሁ ዝንብ አያርፍባትም" ብሎ ደረቱን መትቶ ምሎላታል። መጠጥ ማቆሙንም ለእህቱ በየወሩ ይምላል።

ሻለቃ ከውጭ ይገባል። የባንዱ መሪና ዘፋኝ ነው። የጦር ካምፕ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ማዕረጉን የሰጠው ጩኸቱ ነው። አሁን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

"ሚጣ፣ በቃ እንሂድ። እዚህ ሆነሽ ምን ትፈይጂለታለሽ?"

"ዶክተሩ ምን አለ?"

"ዶክተር የለም፤ ያለችው ነርስ ናት። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይልኩታል። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል፤ ሲመለስ ይወስደዋል።"

"ማን አብሮት ይሆናል?"

ሻለቃ ወለሉን ያያል። "ስልክ ቁጥራችንን ትተናል።" ከዚያ ትከሻዋን ያዝ ያደርጋል። "ስሚኝ። ስታዲየሙ ዛሬ ጢም ብሎ ነው የሚሞላው። የሱን ቦታ የምትይዢው አንቺ ነሽ። ሶሎዎቹን አንድ በአንድ ታውቂያቸዋለሽ። ከፊት፣ መሃል ላይ፣ መብራቱ አንቺ ላይ። ጣትሽ እስኪደማ ስትለማመጂ የከረምሽው ለዚህ አይደል እንዴ?"

ለዚህ ነው። ልቧ ዘሎ ይመታል። በዚህ ሰዓት እንዴት ደስ ይለኛል ብላ ትደነግጣለች፤ ግን ደስ ብሏታል። አጎቷ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ፣ እጅጌዋ ደም እንደነካው፣ ደስ ብሏታል።

"ልሰናበተው" ትላለች።

"ቶሎ በይ። እዚያ ደርሰን ገና ድምፅ እንሞክራለን።"

ክፍሉ ውስጥ ነርሷ ግሉኮስ ሰክታለት ጠብታውን እያየች ነው። የአጎቷ ፊት ሰም መስሏል። የዓይኖቹ ነጭ ብጫ ሆኗል። ሲያያት ሊቀመጥ ይሞክርና ይተወዋል።

"ምን ትገተሪያለሽ? አልሄዳችሁም?"

"ሻለቃ ያንተን ቦታ ያዢ አለኝ።"

ይስቃል፤ ጥርሱ ቀልቷል። "ይሄ ሰውዬ! አልጋዬን እንኳ እስካሞቅ አይጠብቅም?" ትንሽ ይተነፍሳል። "ሂጂ። እንዲህ ያለ ዕድል ደጋግሞ አይመጣም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን አትጣደፊ። ሁሌ ትጣደፊያለሽ።"

"ለእማዬ ምን ልበላት?"

"ጨጓራው ተነሳበት በያት። እሷ እንደሆነች ከነገርሻት በላይ ማሰቧ አይቀርም።"

ጎንበስ ብላ ግንባሩን ትስመዋለች። ቀዝቃዛ ላብ ከንፈሯ ላይ ይቀራል። ቀና ብላ ልትዞር ስትል አንድ ነገር ወደ ኋላ ይስባታል። የጃኬቷ ጫፍ በግራ እጁ መዳፍ ውስጥ ነው። እሱ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

"ሂጂ እንጂ" ይላል እንደገና።

እስኪለቃት ትጠብቃለች። አይለቅም። አፉ የሚለውን እጁ አልሰማም።

ውጭ ክላክሱ ይጮኻል፤ ይሄኛው ረዘም ይላል። ልጅቷ ወንበሩን በእግሯ ስባ ትቀመጣለች።

"ጥለውሽ ሊሄዱ ነው።"

"ይሂዱ።"

"ግትር" ይላታል ዓይኑን እየጨፈነ። "እናትሽን ቁርጥ።"

በመስኮቱ ሚኒባሱ ሲዞር ታያለች። ጊታሯ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ጣሪያው ላይ ታስሯል። አቧራው ሲነሳ ዕንባዋ ይመጣል። ለአጎቷ ይሁን ለስታዲየሙ ለራሷም አይለይላትም።

አምቡላንሱ ሳይመጣ እንደገና ያስመልሰዋል። ከጠዋቱ ይብሳል። ነርሷ እየሮጠች ትመጣለች፤ "ዞር በይልኝ" ትልና ወደ ግድግዳው ትገፋታለች። ሳህን ይወድቃል። አጎቷ አንዴ ስሟን ለመጥራት የሚሞክር ይመስላል፤ "ሚ…" ይልና ይቀራል። ከዚያ ነርሷ አንገቱን በጣቶቿ ትዳስሳለች፣ ደረቱን ታዳምጣለች፣ እንደገና አንገቱን ትዳስሳለች። በመጨረሻ እጇን ትሰድና የግሉኮሱን ጠብታ ትዘጋዋለች።

"ቤተሰቡ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ትልቅ ሰው የለም?"

ልጅቷ በሩን ታያለች። ኮሪደሩ ባዶ ነው።

"እኔ ነኝ" ትላለች።

ነርሷ ትንሽ ታያትና ራሷን ትነቀንቃለች። "እንግዲያው ቤት ደውዪ፣ የኔ እናት።"

እናቷ ስልኩን ወዲያው ታነሳዋለች።

"ሚጣዬ! ገባችሁ? ምሳ በላሽ? ድምፅሽ ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ? ያንን ቀበጥ፣ መስኮት ዝጋ በይው ብዬሽ ነበር እኮ! እስቲ አገናኚኝ፤ ደጋግሜ ብደውል አላነሳም አለኝ።"

ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዘዋለች። ነርሷ ወደ አልጋው ግርጌ ዞራ የአጎቷን ጫማ ክር እየፈታች ነው። ቋጠሮው ጠብቆባት በጥርሷ ልትስበው ጎንበስ ትላለች።

"ሃሎ? ሚጣ? እሱን ስጪኝ እንጂ፣ ልቆጣው።"