ግድግዳ አያስልም

ይህን ታሪክ ጀምሮ መሃል ላይ የሚተወው ሰው ይቆጨዋል፤ ታግሶ የጨረሰው ግን ጊዜዬ ባከነ አይልም። ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ጥቁር ነጥብ ነው።

ነጥቧ ከሚጡ አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ታየች። መጀመሪያ የክብሪት ራስ ታክል ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሳህን አከለች፤ ጠርዟ አረንጓዴ፣ መሃሏ ከሰል። ሚጡም በዚያው ሰሞን ማሳል ጀመረች።

ሻጋታ የሚገርም ፍጥረት ነው፤ የሰው ቤት ውስጥ ከሆነ ማለት ነው። ቅጠል የለውም፣ አበባ የለውም፣ ዘር ግን አለው፤ ዘሩም ከዱቄት ይደቅቃል። እርጥብ እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው በተጣበቀበት ይቀመጣል። ክንፍ የሚያወጣው ደርቆ ሲነካካ ነው፤ ያኔ ብን ይልና በአፍንጫ አድርጎ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የሚጡ እናት ይህን አሳምራ ታውቃለች። የትምህርት ቤት ፅዳት ሠራተኛ ናት፤ ሻጋታ በእርጥብ ጨርቅ ታፍኖ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ እንደማይነካ እዚያ ተምራለች።

አባትየው ያገለገለ ጆንያ ነጋዴ ነው። እርጥበት የመታውን ሳይቀር ከየእህል መጋዘኑ ይሰበስባል፣ አድርቆ ያራግፋል፣ ቀዳዳውን ሰፍቶ መልሶ ይሸጣል። ሰፈሩ በሙሉ «ጆንያው» ነው የሚለው፤ እሱም ይስቃል። ከሥራ ሲገባ ሚጡ ገና ከበሩ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች።

«እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ ልጄን ሊበላብኝ ነው!» አለች እናት አንድ ቀን፣ ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡትን አከራይ።

አከራይዋ ዞር እንኳ አላሉም። «ግድግዳ አያስልም፣ የኔ ልጅ። ሰው ነው የሚያስለው።»

«እስቲ ገብተው ይዩት!»

«ምኑን ነው የማየው? ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት እዚያው ክፍል ነው። አንዳቸውም እህ አላሉም። መስኮት ክፈቺ።»

«ስከፍተው ደግሞ የእርስዎ ማድቤት ጭስ ይገባል!»

«እንግዲህ ወይ ጭሱን ወይ ሻጋታውን ምረጪ።»

መረጠች። ጆንያው ዕቃ ሊሰበስብ ወደ ብርዳማ አገር፣ ያለውን ልብስ ሁሉ ከነካፖርቱ ደራርቦ በሄደ ማግስት፣ እናት አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ በረኪናዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ዘመተችበት። ፈተገችው። ደግማ ፈተገችው። ሲደርቅ ቀለም ቀባችው።

ያን ሰሞን ሚጡ እናቷ ጉያ ተወሽቃ ተኛች። ሳሉ ቀነሰ፤ ውሎ አድሮም ጠፋ። ልጅቷ ወንበር ላይ መንጠላጠል፣ ዳቦ ጨምሩልኝ ማለት ጀመረች። እናት ከሥራ ስትመለስ በመንገድ ላይ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

«አየህ?» አለች፣ ባሏ ሲመለስ። «እናንተ ሽሮፕ ሽሮፕ ትላላችሁ፤ መድኃኒቱ በረኪና ነው!»

«ዶክተር እንበልሽ ታዲያ?» አለ ጆንያው። ሚጡ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ትፍለቀለቃለች።

ብዙ አልቆየም፤ ሳሉ ተመለሰ። እናት አልጋውን ስባ ብታይ፣ ከአዲሱ ቀለም ስር ያ ጥቁር እንደ ጥላ ብቅ ብሏል።

«አንተ እርጉም!» አለችው፣ ግድግዳውን።

ሐኪሙ ሚጡን ከጀርባዋም ከደረቷም አዳመጣት።

«ቤታችሁ ሻጋታ አለ?»

«አለ ዶክተር፣ ከራስጌዋ! ስንቴ ፈተግሁት መሰለህ።»

«ከዚያ ቤት ውጡ። ሳንባዋ እየቆሰለ ነው። ጠባሳ ከያዘ በኋላ የሚመልሰው የለም።»

ወጡ። እናት ፍራሹን ጣለች፣ መጋረጃውን ጣለች፣ የጨርቅ አሻንጉሊቱን ሳይቀር ሚጡ እያለቀሰች ጣለችው።

«ከዚያ ቤት ምንም ነገር አይገባም!»

«እኔስ?» አለ ጆንያው።

«አንተንማ ማን ይወስድልኛል!»

ሁለቱም ሳቁ። አብረው ሲስቁ ያ የመጨረሻቸው ነበር።

አዲሱ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ይገባበታል፤ ግድግዳው ወረቀት ይመስላል። እናት ግድግዳውን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ እንደ ድመት አሸተተችው። ለማንኛውም ብላ አልጋውን ከክፍሉ መሃል አቆመችው።

ሚጡ እዚያም ባሰባት። መጀመሪያ ደረጃው መሃል ላይ መቀመጥ አመጣች፤ ኋላ ደረጃውን ራሱን ተወችው፣ አባቷ አዝሏት ይወጣል። ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ አደላ። እናት አዲሱን ቀለም በጥፍሯ ፍቃ ከስሩ ታይ ጀመር። ከስሩ ደህና ሲሚንቶ ነበር። ጣሪያውን አየች። የመስኮቱን ጠርዝ፣ የቧንቧውን ስር አየች። የምትጣላው ነገር አጣች።

ሐኪሙ የደረቷን የራጅ ፊልም ወደ መብራቱ አንስቶ ብዙ ቆየ።

«ከዚያ ቤት ወጥታችኋል አይደል?»

«ያኔውኑ! አንድ ዕቃ እንኳ አላስገባሁም።»

«እንግዲያው መጀመሪያውኑ ዘግይታችኋል።» መነጽሩን አወለቀ። «የቀራት ሳንባ ትንሽ ነው። እኛ ጋ ያለው ይኸው ነው። ብርድ ብቻ እንዳይመታት ጠብቁልኝ።»

ጆንያው ልጁን አዝሎ ደረጃውን ወጣ፤ አልጋዋ ላይ አስተኛትና ፊቱን ለማንም ሳያሳይ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

«እማዬ፣ በረደኝ።»

«መጣሁ፣ የኔ ዓለም።»

እናት የባሏን የጆንያ ማራገፊያ ካፖርት፣ ከዱቄት የደቀቀ አቧራ ብን እያለበት፣ ከሚስማሩ አውርዳ፣ ያለ አባቷ ጠረን እንቅልፍ የማይወስዳትን ልጅ፣ እንደ ወትሮው እስከ አፍንጫዋ ድረስ ሸፈነቻት።