የሟቿ ሣጥን

ልብስ ሰፊዋ ቅናቷን ለሰው ተናግራ አታውቅም። የምትቀናው በሞተች ሴት ነው፤ ብትናገርስ ማን ይሰማታል?

መካኒኩ ባሏ ሲያገባት ከመጀመሪያ ሚስቱ የቀረችው ልጅ ገና ዳዴ ትል ነበር። አጥባ፣ አብልታ፣ ከትምህርት ቤት አመላልሳ አሳደገቻት። አሁን ደግሞ የሠርግ ልብሷን እየሰፋችላት ነው። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ የምትጠራት «እትዬ» ብላ ነው።

አልጋው ስር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ውስጡ ስላይድ ነው፤ በካርቶን ክፈፍ የታሰሩ፣ ብርሃን ካላለፈባቸው የማይታዩ ትናንሽ ፊልሞች። ባሏ በወጣትነቱ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው። ማሳያ መሣሪያው እሷ ሳትመጣ ተሰበረ፤ ካሜራው በኋላ ነው የተበላሸው። ቤት ስትጠርግ ሣጥኑን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። የዚያችን ሴት ፈገግታ ለማየት አንጀቷ አይችልም።

ሠርጉ ሲቃረብ ልጅቷ መጣች።

«አባዬ፣ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን አለው። የድሮ ፎቶዎቻችንን ማሳየት እፈልጋለሁ፤ በተለይ ስላይዶቹን። ስካነር ግዛልኝ።» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «እትዬ፣ ሣጥኑን አንቺ እንዳትከፍቺው፣ እሺ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለች። መርፌው ጣቷን ወጋት።

ልጅቷ አዝናላት ነው ማለት ነው፤ እንዳትጎዳ ብላ። ይሄ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት። ያች ሴት ግድግዳ አክላ ሕዝቡ ፊት ስትስቅ፣ እሷ ጥግ ይዛ ስታጨበጭብ ታያት።

ባልና ሚስት ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ሁለት ስካነር አወጣ።

«ይሄ ለወረቀት ፎቶ አንደኛ ነው፤ ስላይድ ግን አጥቁሮ ነው የሚያወጣው። ያኛው ክዳኑ ላይ መብራት አለው። ብርሃኑ በፊልሙ ያልፍና ቀለሙ እንዳለ ይወጣል።»

«ያኛው ይሁን» አለ ባሏ።

እጅጌውን ሳብ አደረገችው። «በከንቱ አትድከም። ስላይዶቹን እርጥበት ጨርሷቸዋል።»

ባሏ ክው አለ። «ከፍተሽ አየሻቸው እንዴ?»

«ሳጸዳ ክዳኑ ተከፈተብኝ። ሻጋታ ብቻ ነው፤ የሰው መልክ የሚባል የላቸውም።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው ወረደ። «አንቺ ካልሽ እንግዲህ... ልጄ ግን ታዝናለች» አለ። የወረቀቱን ስካነር ይዘው ወጡ።

ግን ቤት ገብቶ ሣጥኑን ቢከፍተውስ? በማግስቱ እሱ ወደ ጋራዥ እንደወጣ የቆሻሻ መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። ልብስ ሰፊዋ ሣጥኑን በነጠላ ጫማ ሮጣ አደረሰችው። መኪናው አላመጠና ዋጠው። ተመልሳ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ እያንጎራጎረች ሰፋች።

ልጅቷ አመሻሹ ላይ ልብሱን ልትለካ መጣች። ወንበር ላይ ቆመች፤ ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ትይዝላታለች።

«አባዬ ነገረኝ» አለች ልጅቷ። ድምጿ ተሰበረ። «እስቲ እኔም ልያቸው፤ ምናልባት አንድ ሁለት ይተርፉ ይሆናል።»

«ጣልኳቸው የኔ ልጅ። እናትሽን በዚያ መልክ እንዳታዪያት ብዬ ነው።»

«እናቴን?» ልጅቷ ግራ ተጋብታ ቁልቁል አየቻት። «የእናቴንማ አንቺን ቅር እንዳይልሽ ብዬ ገና ድሮ እኔ ወስጃቸዋለሁ። ሣጥኑ ውስጥ የነበሩት፣ አንቺ እኔን መራመድ ስታስተምሪኝ አባዬ ያነሳቸው ናቸው።»