ሁለት ዊንዶውስ በአንድ ኮምፒውተር

ስርጉት የኮምፒውተሩን ገመድ ልትነቅል ጎንበስ አለችና ሳትነቅለው ቀረች። አሠሪዋ ማዳም ሳፊያ ታክሲ ጠርተው እንባቸውን እየጠረጉ ነው። የሟች ባላቸው ፎቶዎች ከዓርብ ወዲህ ጠፍተዋል፤ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝም «ይዘውት ይምጡ፤ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ» ብሏቸዋል።

ፎቶዎቹ ግን የትም አልሄዱም። የማዳም ልጅ ወደ ፓሪስ ሲመለስ ከአሮጌው ዊንዶውስ ጎን አዲስ ጭኖ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሁለት መስመር ያሳይና የትኛው ይከፈት ብሎ አስር ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካልተመረጠለት ፎቶዎቹ ያሉበትን አሮጌውን ራሱ ይከፍት ነበር። ማዳም አብርተውት ሻያቸውን ሊያመጡ ስለሚሄዱ አይተውት አያውቁም። ስርጉት ግን ዓርብ ዓርብ፣ እሳቸው እህታቸው ቤት ሲውሉ፣ አዲሱን ከፍታ ደሴ ካለችው ልጇ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። ባለፈው ዓርብ ምን እንደነካች እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ ራሱን የሚከፍተው አዲሱ ሆኗል። ብትናገር ከሥራ መባረሯ ነው።

ገመዱን ትታ ኮምፒውተሩን አበራችው። መስመሮቹ መጡ። ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት... ዓይኗን ጨፍና አሮጌውን ተጫነች። ሟቹ ከነጢማቸው ፈገግ ብለው ብቅ አሉ።

ማዳም እልል ብለው ስክሪኑን ሳሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ይህን ከየት አወቅሽ?»

ስርጉት አቀርቅራ ሁሉንም ተናዘዘች።

«እንግዲያ አዲሱ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ፎቶዋ የሚታየው፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው ልጅ ያንቺ ናት?»

«አዎ፣ ማዳም።»

«ዋላሂ! ከማሽኑ ጋር የመጣች መስሎኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ‹ባሌን የት ደበቅሽው?› እያልኩ ስሰድባት ሰነበትኩ!» ማዳም ወንበሩን ሳቡላት። «በይ አሁኑኑ ደውይላት፤ ይቅርታ ልጠይቃት።»